ትንሿ መኪና ለቤተ ሰብ ትበቃለችን?

ቀድሞ አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ዓይናቸው አስቀድሞ የሚያርፈው በመልኳ ላይ ነበር። ጆሮዋ የቆመ፥ አንገቷ የቀና፥ ጠጕሯ የሚያበራ እንደ ሆነ የገዢው ልብ ይማረካል። ነገር ግን ብልኅ የሆነው ሰው ኮርቻውንና ግላሱን አስወርዶ ጀርባዋን በእጁ ሳይዳስስ ገንዘቡን አይቈጥርም ነበር፤ ባማረ ግላስ ሥር ገጣባ ሊኖር እንደሚችል ያውቃልና። ዛሬ በብዙው ቤት መኪና በበቅሎ ቦታ ገብታለች፤ የገዢው ዓይን ግን ያው የጥንቱ ነው። ዳሳሹ እጅ ግን ሥራውን እየተወ ሄዷል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በዚህ ሰሞን አንድ ወዳጃችን ያቀረበልን ጥያቄ ነው። ይህ ወዳጃችን ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው። ከደመወዙ እየቈጠበ ያጠራቀማትን ጥቂት ገንዘብ ይዞ ለቤቱ አንዲት ትንሽ መኪና ለመግዛት አስቧል። «መልኳን አይቼ ወድጃታለሁ፤ ዋጋዋም ዐቅሜን አያልፍም፤ እናንተ ምን ትመክሩኛላችሁ?» አለን። እኛም ከብዙ ቃል ይልቅ በዓይናችን ያየነውን አንድ ነገር ብንነግረው ይሻላል ብለን አሰብን። የነገርነውንም ለአንባቢዎቻችን ደግሞ ልናካፍል ወደድን፤ ይህ ጥያቄ የእርሱ ብቻ እንዳይደለ እናውቃለንና።

በአሁኑ ጊዜ በየአገሩ እጅግ የሚፈለገው የመኪና ዓይነት ክሮስኦቨር የሚባለው ነው። ይኸውም አካሉ እንደ ከተማ መኪና የቀለለ፥ ቁመናው ግን እንደ ገጠር መኪና ከመሬት ከፍ ያለ፥ ከሁለቱ የተዳቀለ ማለት ነው። በቋንቋችን ተስማሚ ስም ይውጣለት ቢባል በቅሎ ከማለት የተሻለ አናገኝለትም። በቅሎም «አባትሽ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቋት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች ይባላል። የትንንሾቹና የርካሾቹ ክሮስኦቨሮች ነገር ልክ እንደዚህ ነው። ሲያዩአቸው ስለ ትልቁ ዘመዳቸው ይናገራሉ እንጂ ስለ ራሳቸው አይናገሩም።

ስለዚህ ነገር የተማርነው ከአገራችን ውጭ ነው። በ2011 ዓ/ም ታላቅ እኅታችንን ለሕክምና ይዘን ወደ ሕንድ አገር፥ ቀድሞ ማድራስ ትባል ወደ ነበረችው ወደ ቼናይ ከተማ ሄደን ነበር። በዚያም ያረፍንበት ቤት ባለቤት ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተሰናበቱ፥ የሒሳብ ሥራ የሚያውቁ ትሑት ሽማግሌ ነበሩ። እኅታችን ከሐኪም ቤት በወጣች ቀን «የኪራይ መኪና አትጥሩ፤ እኔ አመጣታለሁ» ብለው በገዛ መኪናቸው መጡ። ያችም መኪና ሬኖ ኩዊድ የምትባለው ነበረች። እኛም ከዚያ በፊት በቅርብ አይተናት አናውቅም ነበር።

ስለ አመጣጧ በአጭሩ ብንናገር፥ ሬኖ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የኩዊድን የመጀመሪያ ንድፍ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በየካቲት ወር 2014 በዴልሂ የመኪና ትርኢት ላይ አሳየ። የሥራውም መሪ ዤራር ዴቱርቤ የሚባሉ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበሩ። ከዚያም መኪናዪቱ ከቼናይ ወጣ ብሎ በሚገኘው በኦራጋዳም ፋብሪካ እየተሠራች በመስከረም 13 ቀን 2008 ዓ/ም ለገበያ ቀረበች። ከሁሉ የረከሰችው ዓይነት በ257 ሺህ ሩፒ ግድም ትሸጥ ነበር። የኩባንያውም ሐሳብ ሞተር ብስክሌት የሚነዳው ቤተ ሰብ ወደ መኪና እንዲሻገር፥ ሲሻገርም የድኻ መኪና ይዣለሁ ብሎ እንዳያፍር ማድረግ ነበር።

በእውነትም አታሳፍርም። በመጀመሪያ ስናያት የታየችን ከልኳ በላይ ትልቅ ሆና ነው። ፊቷ ሰፊና ቀጥ ብሎ የቆመ፥ ትከሻዋ ማዕዘን ያለው፥ የጎማዎቿም ዙሪያ በጥቁር ፕላስቲክ የተከበበ ነው። ከመሬት እስከ ሆዷ 18 ሳንቲሜትር ስላላት የመንገድ ጕብታ ሲመጣ ባለቤቷ አይሳቀቁም። ርዝመቷ ግን 3 ሜትር ከ68 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ በጠባብ መንገድ እንደ ልብ ትዞራለች፥ ትቆማለችም። ወደ ኋላዋ ዞረን ስናይ ግን ግርማው ይቀንሳል። ጎማዎቿ ለአካሏ ትንሽና ቀጭን ናቸው፤ የልጅ ጫማ ያደረገ ጎልማሳ ትመስላለች። ባለቤቷም ይህን ስንላቸው ሥቀው «ፊቷን ለጎረቤት፥ ጀርባዋን ለእኔ ሠርተዋታል» አሉን።

ስለ ጥቅሟ ስንናገር፥ አስቀድመን የምንመሰክርላት ስለ መቀመጫዋ ነው። እኅታችን በዚያን ቀን ሆዷ ላይ የተሰፋ ቍስል ነበራት፤ ጎንበስ ማለትም ወደ ላይ መውጣትም አትችልም ነበር። ዝቅተኛ መኪና ቢሆን ኖሮ እንደ ጕድጓድ ይወረዱበታል፤ ከፍተኛው የገጠር መኪና ቢሆንም እርካብ ያሻዋል። የኩዊድ መቀመጫ ግን ከዳሌ ጋር ስለሚተካከል ቁጭ ብላ እግሯን ብቻ አስገባች። «እትዬ፥ አመመሽ?» ብንላት «ኧረ ወንድሜ፥ እንደ መደብ ነው» አለችን። አረጋዊ ወይም በሽተኛ ያለበት ቤት ይህን ነገር ከብዙ ጌጥ አብልጦ ሊመለከተው ይገባል።

የኋላዋ ዕቃ መጫኛ 300 ሊትር ይይዛል፤ ለእንደዚህ ያለች ትንሽ መኪና ብዙ ነው። ሁለቱን ሻንጣዎቻችንንና የመድኃኒቱን ካርቶን ያለ ችግር ዋጠችው። በኋላው ወንበር ግን ሁለት ሰው በደኅና ሲቀመጥ፥ ሦስተኛው ትከሻውን አጥብቦ ነው። በፊት በኩል ለውኃ፥ ለስልክ፥ ለወረቀት የሚሆኑ ብዙ ማስቀመጫዎች አሏት። ፍጥነቷም በመርፌ ሳይሆን በቍጥር ይጻፋል። የአየር ማቀዝቀዣዋ በዚያ በቼናይ ወበቅ ጊዜ ፈጥኖ አሳረፈን።

ሞተሯ ባለ 3 ሲሊንደር ሲሆን 799 ሴንቲሜትር ኩብ፥ ጉልበቱም 54 የፈረስ ጉልበት ነው። ቆማ ስትጠብቅ ትንቀጠቀጣለች፤ ጭነት ይዛም ሽቅብ ስትል ትጮኻለች። ነገር ግን መላ ክብደቷ 660 ኪሎ ግድም ብቻ ስለ ሆነ በከተማ ውስጥ አልሰነፈችም። በሕንድ መንግሥት መመዘኛ መሠረት በ1 ሊትር ቤንዚን 25 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሏል። በተጨናነቀ መንገድ ግን ከዚህ እንደሚያንስ ባለቤቷ ሳይደብቁ ነግረውናል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በዚያ ዋጋ እንዴት ተገኘ? እኛ በዳኝነት ቤት ጸሓፊነት ስለ ኖርን ሒሳቡ ያልተገለጸ ነገር ዕረፍት አይሰጠንም። ስለዚህ በማግስቱ ሽማግሌው መኪናቸውን ሲያጥቡ አብረን ዞርን። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ብሎኖቹን ብንቈጥር ሦስት ብቻ ናቸው፤ በብዙ መኪና ግን አራት ወይም አምስት ናቸው። የዝናብ መጥረጊያዋ አንድ ብቻ ነው። የኋላ መስኮቶቿ በእጅ እየተዘወሩ ይከፈታሉ። የፊቶቹን መስኮቶች የሚከፍቱትና የሚዘጉት ቍልፎች በየበሩ ፈንታ በመካከል ተቀምጠዋል፤ ለየበሩ የሚዘረጋው ሽቦ እንዲቀርላቸው ነው። ይህን ሁሉ ስናይ የመሐንዲሶቹን ብልኀት አደነቅን። እንዲህ ያለው ቍጠባ ማንንም አይጎዳም፤ ሦስቱ ብሎን ጎማውን ይይዛል፥ አንዱ መጥረጊያም መስተዋቱን ያጠራል።

ነገር ግን ቍጠባው በዚህ አልቆመም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በግንቦት ወር 2016፥ ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው የመኪና ደኅንነት መርማሪ ድርጅት ኩዊድን በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እያስሮጠ በፊቷ በኩል ከግድግዳ ጋር አጋጫት። ለአዋቂ ተሳፋሪ የሰጣትም ከ5 ኮከብ 0 ነበር። ከአንድ በላይ ዓይነት ተመርምሮ ኤርባግ፥ ማለት በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት፥ የተጨመረባትም ያው 0 ሆነ፤ የአካሏ አጥንት ራሱ የጸና ሆኖ አልተገኘምና። በዚያው ዓመት ተሻሽላና የነጂው ኤርባግ ኖሯት እንደ ገና ስትመረመር 1 ኮከብ አገኘች።

በዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ሌላ ነገር አለ። በ2017 ያችው ኩዊድ፥ ያው ፊት፥ ያው ስም ያላት፥ በብራዚል አገር መሸጥ ጀመረች። በዚያ አገር ሕጉ ከ2014 ጀምሮ ሁለት የፊት ኤርባግና ጎማ እንዳይቈለፍ የሚከላከል ፍሬን በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ እንዲኖር ያዝዛል። ስለዚህ ለብራዚል የተሠራችው አጥንቷ ተጠናክሮ፥ ክብደቷም በ100 ኪሎ ግድም ጨምሮ፥ 4 ኤርባግ ተሰጥቷት ወጣች። የላቲን አሜሪካው መርማሪም በ2017 ለአዋቂም ለሕፃንም 3 ኮከብ ሰጣት። የሁለቱ ድርጅቶች አመዛዘን በሁሉ ነገር አንድ ባይሆንም፥ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ለሚያይ ሰው ከቀለማቸው በቀር ልዩነት አይታየውም። ልዩነቱ ከግላሱ ሥር ነው።

ከዚህም አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። ፋብሪካው ጠንካራ አድርጎ መሥራት ስላልቻለ አይደለም፤ ችሏልና በብራዚል አድርጎታል። ጕዳዩ የተጠየቀውንና ያልተጠየቀውን የመለየት ነው። በአንዱ አገር ሕግ ጠየቀ፥ ተሰጠው፤ በሌላው አገር በዚያን ጊዜ ሕጉም ገዢውም ስላልጠየቀ አልተሰጠውም። በኋላም የሕንድ መንግሥት የነጂውን ኤርባግ ከሐምሌ ወር 2019፥ የጎረቤቱን ደግሞ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በመኪና ሁሉ ላይ ግዴታ አደረገ፤ ፋብሪካዎቹም ታዘዙ። ሕግ አውጪና ሕግ አስፈጻሚ የሆኑ አንባቢዎቻችን ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለናል፤ አንድ አንቀጽ ከብዙ ምክር ይልቅ የሰው ነፍስ ያድናልና።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። መኪናቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ስለ ነበረች ኤርባግ አልነበራትም፤ የኋላ ወንበር ቀበቶዋም በእጅ እየተሳበ የሚስተካከል ዓይነት ነበር። ይህን ያነበብነውን ነገር በትሕትና ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «እኔ 40 ዓመት የሰው ሒሳብ ስመረምር ኖርሁ። ይህችን ስገዛ ዋጋዋን ጠየቅሁ፥ የቤንዚን ፍጆታዋን ጠየቅሁ፥ ቀለሟን ከሚስቴ ጋር ሦስት ቀን ተከራከርንበት። የልጅ ልጆቼ የሚቀመጡበት ወንበር በግጭት ጊዜ ምን እንደሚሆን ግን አልጠየቅሁም» አሉን። እኛም ያሳዘንናቸው መስሎን ተጨነቅን። እርሳቸው ግን ቂም አልያዙም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያደረጉትን በዓይናችን አይተናል። መኪናዪቱን አልሸጧትም፤ ሌላ የሚገዙበት ገንዘብ የላቸውምና። ነገር ግን ከከተማ ወደሚያወጣው ፈጣን መንገድ ይዘዋት መውጣት ተዉ። ለገበያና ለሐኪም ቤት በቀስታ ይነዷታል፤ የልጅ ልጆቻቸውም በኋላ ወንበር ቀበቷቸውን ሳያጠብቁ ሞተሩን አያስነሡም። እኛ ወደ አገራችን ስንመለስም ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደውን መንገድ ዘርዝረው ካሰቡ በኋላ፥ ከትልቁ መንገድ ይልቅ ውስጥ ለውስጥ የሚዞረውን መርጠው ከሌላው ቀን አንድ ሰዓት አስቀድመው አስነሡን። እኅታችንም ከፊት መቀመጥ ልማዷ ሳለ በዚያን ቀን ከኋላ እንድትቀመጥ አደረጉ። እኛ ይህን ከቅንነታቸው ሁሉ በላይ አድርገን እናስበዋለን።

አሁን ወደ አገራችንና ወደ ወዳጃችን ጥያቄ እንምጣ። በ2016 ዓ/ም መንግሥታችን በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ኩዊድን ራሷን አስመጥቶ መግዛት የሚያስብ የለም። ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ትንንሽ ክሮስኦቨሮች በከተማችን እየበዙ ናቸው፤ ወዳጃችን የወደዳትም ከእነዚሁ አንዷ ናት። የኩዊድም ታሪክ ወደ ኤሌክትሪኩ ዘመን ተሻግሯል። በእርሷ መሠረት ላይ በቻይና አገር የተሠራችው የኤሌክትሪክ እኅቷ፥ ዳቺያ ስፕሪንግ ተብላ ከ2021 ጀምሮ በአውሮፓ ተሸጠች። የአውሮፓው መርማሪ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር 1 ኮከብ ብቻ ሰጣት። ስለዚህ ሞተሩ ከቤንዚን ወደ ኤሌክትሪክ ስለ ተለወጠ የአካሉ ጥያቄ አልተመለሰም።

በኤሌክትሪክ መኪና አንድ መልካም ነገር መኖሩን ሳንመሰክር አናልፍም። ትንሽ የቤንዚን ሞተር እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ግድም ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ ሽቅቡን በሙሉ ጉልበቱ ይወጣል። ይህም ለደጋ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ትንሽና ርካሽ ክሮስኦቨር ለመግዛት የሚያስብ የቤት አባት ወይም የቤት እመቤት ከመዋዋል በፊት ይህን እንዲያደርጉ እንመክራለን።

1ኛ፤ መኪናዪቱን ብቻችሁን ሄዳችሁ አትዩ። መላው ቤተ ሰብ ይግባባት፤ አያትም ልጅም ይቀመጥባት። ጕልበት የሚያመው ሰው ገብቶ ሲወጣ ፊቱን ተመልከቱ፤ ከሻጩ ቃል ይልቅ እርሱ ይመሰክራል።

2ኛ፤ የዕቃ መጫኛዋን በሊትር ቍጥር ብቻ አትመዝኑት። ለገበያ የምትይዙትን ዘንቢል፥ የሕፃኑን ጋሪ፥ ለበዓል የምትጭኑትን ጆንያ አስገብታችሁ ሞክሩ።

3ኛ፤ ስንት ኤርባግ እንዳላት፥ በየትኛውስ ወንበር ፊት እንዳለ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ለሁሉም ወንበር በራሱ የሚጠበቅ ቀበቶ፥ ለሕፃን መቀመጫም ማሰሪያ መኖሩን በእጃችሁ ዳስሱ።

4ኛ፤ የግጭት ምርመራዋን ስትጠይቁ «ተመርምራለች» በሚለው መልስ አትርኩ። በየትኛው ዓመት፥ በየትኛውስ አገር ለሚሸጠው ዓይነት የተደረገ ምርመራ እንደ ሆነ ጠይቁ። የብራዚሉ ኮከብ ለሕንዱ መኪና እንዳልሠራ ሁሉ፥ የሌላ አገር ኮከብ ለእናንተ መኪና ላይሠራ ይችላል።

5ኛ፤ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ እንደ ሆነ፥ ከትልቁ የስልክ መስተዋትና ከሚያበራው ቸርኬ በፊት ኤርባጉንና ፍሬኑን አስቀድሙ። ጌጥ በኋላ ሊጨመር ይችላል፤ አጥንት ግን ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ አይጨመርም።

እንደዚህ ስንጽፍ ትንሿን መኪና ለመንቀፍ አይደለም። ሞተር ብስክሌት ላይ ከነሚስቱና ከነልጁ ይጫን የነበረ ሰው ጣራና በር ያለው ነገር ማግኘቱ ትልቅ መሻሻል ነው። እኛም በዚያች መኪና በሽተኛችንን ሳትንገላታ ወደ ማረፊያዋ አድርሰናልና ውለታዋን አንክድም። ለከተማ ውስጥ ቀስ ላለ ጕዞ፥ ለጠባብ ሰፈርና ለተመጠነ ኑሮ ትበቃለች። ለፈጣን መንገድና ለረዥም ጕዞ ትበቃለችን የተባለ እንደ ሆነ ግን መልሱ በመልኳ ላይ አልተጻፈም።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ወደ ሻጩ ተመልሶ ሄደ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ጥያቄ በጠየቀ ጊዜ ሻጩ ወረቀቱን እስኪያገኝ የአንድ ሳምንት ቀጠሮ እንደ ሰጠው ነግሮናል። ወረቀቱ እስኪመጣም ቀብዱን አልከፈለም፤ እኛም ይህን አመስግነንለታል። በቅሎዪቱ «አጎቴ ፈረስ ነው» ባለች ጊዜ ነገሩ በዚያ የሚያልቀው ጠያቂው ዝም ሲል ነውና፥ ገዢ የሆነ ሰው ሁሉ «አጎትሽንስ ሰማን፤ አባትሽ ማን ነው?» ብሎ ሁለተኛ መጠየቅን አይተው።